ካርታው ይደበቅ፣ ገንዘቡ ግን ይታይ

የዛሬው ርእሳችን በካሲኖ የፖከር ጨዋታ ገንዘብ የሚያዝበት ደንብና የጠረጴዛው ሥነ ሥርዓት ነው። ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ ለእንዲህ ያለ ጉባኤ የማይመጥን ሊመስላችሁ ይችላል። በአማርኛ «ቁማርተኛ» ስድብ ነው፤ ደመወዙን በአንድ ሌሊት አጥፍቶ ባዶ እጁን ቤቱ የሚገባን ሰው ስናስብ የሚመጣልን ቃል ነው። ያ ፍርድ ያለ ምክንያት አልተሰጠም፤ እኔም ልሽረው አልቆምኩም፤ ወደ ንግግሬ መጨረሻ እመለስበታለሁ። ለአሁኑ የምለምናችሁ ቁማሩን ከመውደድም ከመጥላትም ለጥቂት ጊዜ ተቆጥባችሁ፣ ደንቡን ብቻ አብራችሁኝ እንድትመለከቱ ነው።

ይህን የምለምንበት ምክንያት አለኝ። ፖከር ማታለል የተፈቀደበት ጨዋታ ነው። አንዳች የሚረባ ካርታ ያልያዘ ሰው የያዘ መስሎ ይጫወታል፤ ጠንካራ ካርታ የያዘው ደግሞ እንደ ደካማ ይለሳለሳል። ማንም ግን «ዋሸኝ» ብሎ አይከስም። በዚያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ቺፕ፣ ማለትም በገንዘብ ምትክ የሚያገለግል ምልክት፣ ያለ ቃል ቢቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ እጅ ስንት ጊዜ ወደ ገንዘቡ ሊመላለስ እንደሚችል፣ ማን ከማን በኋላ እንደሚናገር አንድ በአንድ ተወስኗል። ውሸት በተፈቀደበት ቦታ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? የእኔ መልስ እንዲህ ነው፤ የፖከር ደንብ ውሸትን በአንድ ጠባብ ቦታ ያጥረዋል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሁሉ፣ ማለትም ገንዘቡ፣ ተራውና ቃሉ፣ በአደባባይ እንዲታይና እንዲጸና ያስገድዳል። በመጀመሪያ ደንቡ ከየት እንደመጣ ባጭሩ እናገራለሁ፤ ቀጥዬ ስለ ማስያዣው ደንብ በሰፊው፤ ከዚያም ደንብ ስለማይደርስበት ጨዋነት፤ በመጨረሻ ሊነሱ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች።

ፖከር የተወለደው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በአሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝ ታችኛው ክፍል፣ በኒው ኦርሊንስ አካባቢ ነው። በወንዙ ላይ የሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች ጨዋታውን ይዘውት ወደ ሰሜን ወጡ። ጆ ካውል የሚባል እንግሊዛዊ ተዋናይ በ1829 እ.ኤ.አ. በመርከብ ላይ ያየውን የፖከር ጨዋታ በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ ገልጾታል። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። በመጀመሪያ ዘመኑ ጨዋታው በ20 ካርታ ብቻ ነበር፤ ወደ 52 ያደገው ኋላ ነው። መርከቡ ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው። በመርከብ ላይ የሚገናኙ ተጫዋቾች አይተዋወቁም፤ በሚቀጥለው ወደብ ይለያያሉ፤ ዳግም ላይገናኙም ይችላሉ። በአንድ መንደር ያደጉ ሰዎች ሲጫወቱ አጭበርባሪውን ነገ በገበያ፣ ከነገ ወዲያ በለቅሶ ቤት ያገኙታል፤ የመንደሩ ዓይን ራሱ ዳኛ ነው። በመርከቡ ላይ እንዲህ ያለ ዳኛ አልነበረም። በካርታ ጀርባ ላይ ምልክት የሚያደርጉ፣ ከግብረ አበራቸው ጋር በጥቅሻ የሚነጋገሩ አጭበርባሪዎች ወንዙን ሞሉት። የሕዝቡም ቁጣ በዚያው ልክ ነበር፤ በ1835 በሚሲሲፒ ግዛት ቪክስበርግ በምትባል ከተማ ነዋሪዎች በቁማርተኞች ላይ ተነሥተው 5 ሰዎችን ያለ ፍርድ ሰቅለዋል።

ካሲኖው ይህን ችግር የፈታው በአንድ የተለየ አሠራር ነው። የኔቫዳ ግዛት ቁማርን በ1931 ሕጋዊ ካደረገች በኋላ ፖከር ቀስ በቀስ ፈቃድ ባላቸው ቤቶች ጣሪያ ሥር ገባ። በሩሌት ወይም በብላክጃክ ተጫዋቹ የሚጋጠመው ከቤቱ ጋር ነው፤ እሱ ሲያጣ ቤቱ ያገኛል። በፖከር ግን ቤቱ አይጫወትም። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ይጫወታሉ፤ ቤቱ ከመሐሉ ገንዘብ ጥቂት ይቆርጣል፣ ወይም ለወንበሩ በሰዓት ያስከፍላል። ካርታ የሚያድለው ዲለርም የቤቱ ሠራተኛ ነው፤ ማንም አሸነፈ ማን የቤቱ ድርሻ አይለወጥም። በዚህም ጠረጴዛው በጨዋታው ውጤት ጥቅም የሌለው ዳኛ አገኘ። ቤኒ ቢንየን በ1970 በላስ ቬጋስ የጀመረው የዓለም ፖከር ውድድር እያደገ ሲሄድ፣ ከየቤቱ የመጡ ተጫዋቾች የየቤታቸውን ልማድ ይዘው መጋጨታቸው አልቀረም። ቦብ ሲያፎኒ ያሰናዳው የደንብ መጽሐፍ በብዙ የካርታ ቤቶች ተቀባይነት አገኘ፤ በ2001 ደግሞ የውድድር ዳይሬክተሮች ማኅበር ተቋቁሞ የውድድሮችን ደንብ ወደ አንድ ማቀራረብ ጀመረ። ዛሬም በዝርዝር ነገር ቤት ከቤት ይለያያል፤ የምናገረው በአብዛኛው ቦታ ስለሚሠራበት ነው።

አሁን ወደ ማስያዣው እንግባ። ለምሳሌ የምወስደው ዛሬ በሰፊው የሚጫወቱትን ቴክሳስ ሆልደም የተባለውን ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ፊታቸው የተደፋ 2 ካርታ ይቀበላል፤ በጠረጴዛው መሐል ሁሉም የሚጋሩት 5 ካርታ በየተራ ይገለጣል፤ መጀመሪያ 3፣ ቀጥሎ 1፣ በመጨረሻም 1። ገንዘብ የሚያዝባቸው 4 ዙሮች አሉ፤ አንዱ ካርታ ከመገለጡ በፊት፣ ሌሎቹ ከየመገለጡ በኋላ። ጨዋታው ገና ሲጀመር 2 ተጫዋቾች ካርታቸውን ሳያዩ የግዴታ ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ ይህ ብላይንድ ይባላል፤ ግዴታውም በየጨዋታው ወደ ሚቀጥለው ሰው ይዞራል። ተራው የደረሰው ሰው ያለው ምርጫ ጥቂት ነው። ማንም ገና ካላስያዘ «ቼክ» ብሎ ያልፋል፣ ወይም ያስይዛል፤ ሌላ ሰው ካስያዘ ካርታውን ይጥላል፣ «ኮል» ብሎ እኩል ያደርጋል፣ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል። ከ52 ካርታ ሊወጡ የሚችሉት የ2 ካርታ ጥንዶች 1,326 ናቸው፤ ሁለት አስ ይዞ መነሣት በአማካይ ከ221 ጨዋታ አንድ ጊዜ ያጋጥማል። በጨዋታው ውስጥ ያለው ምስጢር እነዚህ 2 የተደፉ ካርታዎችና ባለቤታቸው በልቡ የያዘው ሐሳብ ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ ለሁሉም ዓይን ክፍት ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ደንብ ስለ ቃል ነው። በተራው «ኮል» ያለ ሰው ኮል አድርጓል፤ «200 ዶላር» ያለ ሰው 200 ዶላር አስይዟል፤ ቺፑ ገና ከፊቱ አልተነሣም ብሎ ሊመለስ አይችልም። ይህን ለአማርኛ ሰሚ ማስረዳት የሚከብድ አይመስለኝም። በቀድሞው የአገራችን ሙግት ተከራካሪዎች በዳኛ ፊት ቆመው ለነገራቸው እውነተኛነት ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ እየጠሩ ይወራረዱ ነበር፤ «እሰጥ አገባ» የሚለው አነጋገራችን ዛሬም ያን ወግ ያስታውሰናል። ማሩ እዚያው አልነበረም፤ በቅሎዋም በበረቷ ነበረች። ያሠረው በሰው ፊት፣ በተራ፣ በግልጽ የተነገረው ቃል ነው። የፖከር ጠረጴዛም ቃልን የሚያጸናው በዚሁ መንገድ ነው፤ ተራ ሳይደርስ የተነገረ ቃል በመሐል ነገሩ ከተለወጠ ላያስር ይችላል፣ በተራ የተነገረ ግን ያስራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ፤ ክርክሬ በሙሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነውና። ስለ ገንዘብ የተነገረ ቃል ያስራል፤ ስለ ካርታ የተነገረ ቃል ግን አያስርም። መጨረሻ ላይ ካርታ ሲገለጥ አንድ ሰው በስሕተት «ጥንድ ብቻ ነው ያለኝ» ቢልና ካርታው ከዚያ የበለጠ ሆኖ ቢገኝ፣ የሚቆጠርለት ካርታው እንጂ አፉ አይደለም። ዲለሩ ካርታውን አንብቦ ይፈርዳል። በተቃራኒው አንዱ ሆን ብሎ «አሸነፍኩ» እያለ ያልያዘውን ጠርቶ፣ ተጋጣሚው የተሻለ ካርታውን እንዲጥል ቢያደርግ፣ ብዙ ቤቶች የመሐሉን ገንዘብ እስከ መንጠቅ የሚደርስ ቅጣት አላቸው። እስከ መግለጫው ድረስ የተጫዋቹ ፊትም፣ አኳኋኑም፣ የሚያስይዘው መጠንም ሊያታልል ይችላል፤ ካርታ ሲገለጥ ግን የማታለያው ጊዜ አብቅቷል። ደንቡ ለውሸት ቦታ ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ወስኖለታል።

ሁለተኛው ደንብ ስለ እጅ ነው። በፊልም ላይ ደጋግመን ያየነው ትዕይንት አለ፤ ተጫዋቹ ረጋ ብሎ «ያንተን 100 እከፍላለሁ» ይላል፤ ተጋጣሚው ፊት ላይ እፎይታ ሲታይ «500 ደግሞ እጨምራለሁ» ይላል። በካሲኖ ይህ አይሠራም። የመጀመሪያው ቃል ኮል ስለሆነ ጨዋታው በኮል ጸንቷል፤ 500ው ይመለሳል። በእጅም ቢሆን ያው ነው፤ ያለ ቃል 100 ዶላር አስቀምጦ፣ የሰዎቹን ፊት አይቶ፣ ለተጨማሪ ቺፕ እጁን ወደ ክምሩ የሚመልስ ሰው ጭማሪው አይያዝለትም። መጨመር የሚፈልግ አስቀድሞ ይናገራል፣ ወይም ሙሉውን በአንድ እንቅስቃሴ ያስቀምጣል። የደንቡ ምክንያት ግልጽ ነው። ድርጊቱን ለሁለት የሚከፍል ሰው በግማሹ የሌላውን ፊት ያነብባል፣ በግማሹ ይወስናል፤ ሌላው ሰው ያልከፈለበትን መረጃ እሱ በነፃ ያገኛል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበት የአንድ ቺፕ ደንብ ነው። አንዱ 25 ዶላር አስይዟል እንበል። ቀጣዩ ሰው ምንም ሳይናገር አንዲት ባለ 100 ቺፕ ቢያስቀምጥ፣ ሐሳቡ መጨመር ቢሆንም እንኳ የሚቆጠርለት እንደ ኮል ነው፤ 75 ዶላር መልስ ይሰጠዋል። ቺፗ ጠረጴዛውን ከመንካቷ በፊት «እጨምራለሁ» ብሎ ቢሆን ግን 100 ይሆንለት ነበር። ለምን እንዲህ ሆነ? አንዲት ቺፕ ዝርዝር ያጣ ሰውም የሚያስቀምጣት፣ መጨመር የፈለገ ሰውም የሚያስቀምጣት ስለሆነች ነው። ድርጊቱ ሁለት ትርጉም ካለው ባለቤቱ የሌላው ሰው መልስ ከታየ በኋላ የሚመቸውን ትርጉም ሊመርጥ ይችላል፤ ደንቡ ይህን በር ዘጋው። የአነስተኛ ጭማሪ ደንብም ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ 100 ከተያዘ የሚጨምር ሰው ቢያንስ 100 ጨምሮ 200 ማድረስ አለበት፣ በአንድ ዶላር ጭማሪ ጨዋታውን እየጎተተ ሰው ሊያሰለች አይችልም።

ሦስተኛው ደንብ ስለ ገንዘቡ መጠን ነው፤ እኔ ከሁሉም ይልቅ የማደንቀውም ይህን ነው። አንድ ሰው በአንድ ጨዋታ ሊያጣም ሊያሸንፍም የሚችለው ጨዋታው ሲጀመር በጠረጴዛው ላይ በነበረው ገንዘብ ልክ ብቻ ነው። የቤት ካርታ፣ የእጅ ሰዓት፣ «ነገ እከፍላለሁ» የሚል ቃል ቦታ የላቸውም። ባለብዙ ገንዘብ ሰው ከኪሱ እየመዘዘ ድኻውን ከጨዋታ ሊያስወጣው አይችልም። 40 ዶላር ብቻ የቀረው ሰው ሌሎች ሁለቱ 100 ቢያስይዙ፣ 40ውን ሁሉ አስገብቶ ይቀመጣል። ከሦስቱም 40 እየተወሰደ የ120 ዶላር ዋና ድርሻ ይደረጋል፤ ከሁለቱ የተረፈው 60፣ 60 ደግሞ ሌላ የ120 ዶላር የጎን ድርሻ ይሆናል፤ ባለ 40ው ሰው ቢያሸንፍ ዋናውን ብቻ ይወስዳል። ከዚህ ደንብ ሁለት ግዴታዎች ይወለዳሉ። በጨዋታው ላይ የቆየ ሰው ካሸነፈው ከፊሉን ወደ ኪሱ ማሸሽ አይችልም፤ ያሸነፈው ገንዘብ ሌሎቹ መልሰው ሊያሸንፉት ዕድል እንዲኖራቸው እዚያው መቀመጥ አለበት። ትልልቆቹን ቺፖችም ከትንንሾቹ ጀርባ መደበቅ አይፈቀድለትም፤ ተጋጣሚው የሚጋፈጠውን መጠን የማየት መብት አለውና። ካርታውን እንዲደብቅ የተፈቀደለት ሰው ገንዘቡን እንዲያሳይ ይገደዳል።

ይህ ክፍፍል ለጨዋታው ሕይወት እንጂ ጌጥ እንዳልሆነ ለማየት ጆን ፎን ኖይማን የተባለው የሒሳብ ሊቅ ይረዳናል። በ1928 ባወጣው ጽሑፍ የጨዋታዎችን ሒሳብ መሠረት ጣለ፤ በ1944 ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም ለፖከር ራሱን የቻለ ክፍል ሰጠው። እዚያ የሚታየው፣ በባዶ እጅ ማስያዝ፣ ብለፍ የሚባለው፣ የጠባይ ብልሹነት ሳይሆን የጨዋታው አካል መሆኑ ነው። ጥሩ ካርታ ሲይዝ ብቻ የሚያስይዝ ሰው ባስያዘ ቁጥር ሁሉም ይሸሹታል፤ ጠንካራ ካርታው ዋጋ እንዲያገኝ አልፎ አልፎ በደካማም ማስያዝ አለበት። ነገር ግን ብለፍ ዋጋ የሚኖረው ያስያዘው ሰው በእውነት ካስያዘ ብቻ ነው። 300 ዶላር በባዶ እጅ ያስያዘ ሰው 300ውን ሊያጣው ነው፤ አደጋው እውነተኛ ስለሆነ ማስፈራሪያውም ክብደት አለው። ቃሉን መልሶ መዋጥ ቢችል ማንም አያምነውም፤ ማንም ካላመነው ደግሞ የሚታለል አይኖርም። ስለዚህ በጠረጴዛው ላይ ያለው ማታለል ሁሉ የሚኖረው በገንዘቡ እውነተኛነት ላይ ተንጠልጥሎ ነው።

ስለ ደንቦቹ ከመጨረሴ በፊት በቀጥታ ወገኖቻችንን የሚነካ አንድ ላንሣ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በታክሲ፣ በሆቴል፣ በካሲኖ ሥራ የተሰማሩ አሉ። በብዙ የአሜሪካ የፖከር ክፍሎች ጨዋታው በሚካሄድበት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ከእንግሊዝኛ ውጭ መናገር ክልክል ነው። ሁለት ሐበሾች ጎን ለጎን ተቀምጠው በአማርኛ ቢጨዋወቱ ዲለሩ ያስቆማቸዋል። ይህ ለሰሚው ንቀት ሊመስል ይችላል፤ የሌላ ዘርፍ አሠሪ ቢያደርገው በእርግጥም አስከፊ ይሆን ነበር። እዚህ ግን ደንቡ ከሌላ ትልቅ ደንብ የተወለደ ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ካርታ የሚጫወተው ራሱ ብቻ ነው። ማንም ሌላውን አይመክርም፤ የጣለውን ካርታ አይናገርም፤ ወዳጄ ነው ብሎ አይራራለትም፤ ለወዳጅ ሆን ብሎ መለሳለስ ራሱ ቅጣት ያስከትላል። በጠረጴዛው ያሉ ሌሎች ሰዎች በማይሰሙት ቋንቋ የተነገረ ቃል የምግብ ወሬም ቢሆን ከምስጢር ምልክት ሊለዩት አይችሉም። ሌላ አገር ሲሆን ብዙ ጊዜ የአገሩ ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ጋር ይፈቀዳል፤ ይህም ዓላማው ሁሉም የሚሰማው ቃል እንዲኖር እንጂ አማርኛን ለማሳፈር እንዳልሆነ ያሳያል።

ወደ ሦስተኛው ክፍል ልለፍ፤ ደንብ የማይደርስበት ጨዋነት። ደንብ የሚዳኘው የታየውን ነው፤ ልብ ውስጥ ያለውን አያይም። ስለዚህ በደንቡ ፊደል ውስጥ ተሸሽጎ መንፈሱን የሚያፈርስ ሰው ሁልጊዜ ይኖራል። ቺፖቹን ጨብጦ የሚያስቀምጥ መስሎ እጁን ወደ ፊት ይሰድና፣ ተጋጣሚው ካርታ ሊጥል ሲነሣ ወይም ሊከፍል ሲቻኮል ፊቱን አንብቦ ይመልሰዋል። ያልሰማ መስሎ ደጋግሞ ይጠይቃል። ግልጽ ያልሆነ ቃል አጉረምርሞ የሚመቸውን ትርጉም ይጠብቃል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በአንዳንድ ቤት ይቀጣሉ፣ በሌላው ያልፋሉ፤ በተጫዋቾች ዘንድ ግን ስማቸው አንድ ነው፤ ነውር። ነውር የሆኑበትን ምክንያት ስመረምር ያው ድንበር ላይ እደርሳለሁ። ያ ሰው የዋሸው ስለ ካርታው አይደለም፤ አስያዝኩ ወይም አላስያዝኩም በሚለው ላይ ነው። ውሸቱን ከአጥሩ አውጥቶ ወደ ገንዘቡ አሻገረው።

በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትን ሌሎች ልማዶች በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። ቺፕን ወደ መሐል አይበትኑም፤ ከፊት ለፊት በሥርዓት ያስቀምጡታል፣ ዲለሩ ቆጥሮ እንዲያረጋግጥ። ተራ ሳይደርስ ካርታ አይጥሉም፤ ከኋላው ያለው ሰው ሊጥል እንደሆነ አስቀድሞ ያወቀ ተጫዋች ያልተገባውን ድፍረት ያገኛልና፣ ጉዳቱ የሚደርሰውም በሦስተኛ ሰው ላይ ነው። እንዳሸነፈ እርግጠኛ የሆነ ሰው ካርታውን ለመግለጥ እየተጎተተ፣ ተጋጣሚው ያሸነፈ መስሎት እስኪደሰት ጠብቆ መዘርጋት የለበትም። ይህን የመጨረሻውን ለብቻው ላየው እወዳለሁ። ገንዘቡን አይለውጥም፤ ማን እንዳሸነፈ አይለውጥም፤ ደንብም በአብዛኛው አይከለክለውም። ሆኖም ተጫዋቾች እንደ ከባድ ጥፋት ያዩታል። እኔም ትክክል ናቸው እላለሁ፤ ምክንያቱም የማታለያው ሰዓት አልፎ ሳለ ማታለሉን የቀጠለው ሌላውን ለማሳመም ብቻ ነው። የጨዋታው ማታለል ዓላማው ገንዘብ ነው፤ ዓላማው የሰው ሕመም ሲሆን ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። ጀማሪን መሳደብ፣ በመጥፎ ዕድል የተሸነፉበትን ካርታ በዲለሩ ፊት መወርወር፣ «እንዴት በዚህ ካርታ ትገባለህ?» እያሉ ማሸማቀቅም ከዚሁ ወገን ናቸው። ዲለሩ ካርታውን ያድላል እንጂ አይመርጥም፤ ብዙውን ገቢውን የሚያገኘውም ከተጫዋቾች ጉርሻ ነው።

ድንበሩ በየዘመኑ የሚንቀሳቀስ መሆኑንም መካድ አልችልም። «ቼክ» ብለው ካለፉ በኋላ ሌላው ሲያስይዝ ተመልሶ መጨመር በአንዳንድ የቤት ውስጥ ጨዋታዎች እንደ ክህደት ይታይና ይከለከል ነበር፤ ዛሬ በካሲኖ የተለመደ ስልት ነው። ለውጡ ግን ያለ ሥርዓት አልሆነም። ተመልሶ የሚጨምረው ሰው ያለፈው በተራው ነው፤ የጨመረውም በተራው፣ በግልጽ፣ በሙሉ ገንዘብ ነው። የደበቀው የካርታውን ጥንካሬ ብቻ ነው። ድርጊቱ ከአጥሩ ውስጥ መሆኑ ስለታየ ተፈቀደ።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ ይህ ሁሉ ደንብ የካሲኖው ጥቅም ነው፤ ጨዋታው በፈጠነ ቁጥር፣ ጠብ ባነሰ ቁጥር ቤቱ ብዙ ይቆርጣል። ይህ እውነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዓላማው፣ ከጎን ድርሻ ይልቅ ገንዘብ ያነሰውን ሰው ከጨዋታ ማስወጣት ይፈጥን ነበር፤ የውድድር ዳይሬክተሮቹ ማኅበርም በደንቡ መጀመሪያ ላይ የጨዋታውን ደኅንነትና ፍትሕን ከደንቡ ፊደል በላይ አያስቀምጥም ነበር። ተቆጣጣሪው ያልተለመደ ነገር ሲያጋጥመው በጤናማ ሚዛን ፈርዶ ፊደሉን እንዲያልፍ ተፈቅዶለታል። ጥቅም ደንብን ሊወልድ ይችላል፤ መልኩን የሰጠው ግን እንግዶች ገንዘብ ይዘው ሲቀመጡ የሚፈልጉት መተማመን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደኛል፤ ደንቡ ጀማሪውን ይጎዳል ይላል። ሐሳቡ መጨመር የነበረ ሰው በዝምታው ምክንያት ኮል ይቆጠርበታል፤ ምላሱ የተሳሳተ ሰው ገንዘቡን ያጣል። ሐሳቡን ለምን አንጠይቀውም? ሐሳብን ብንጠይቅ ግን የምንጠይቀው በሐሳብ ማታለል በተፈቀደበት ጨዋታ ውስጥ ነው፤ ጀማሪው እውነቱን ይናገራል፣ ልምድ ያለው ደግሞ የጀማሪን ስሕተት አስመስሎ ያወራል፤ ዳኛው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። ውጫዊውን ድርጊት ብቻ የሚያይ ደንብ ጀማሪውን አንድ ጊዜ ይጎዳዋል፤ ሐሳብ የሚመረምር ደንብ ግን በየሌሊቱ ለተካነው አሳልፎ ይሰጠዋል። ለጀማሪው ያለው መድኃኒት ቀላል ነው፤ ቺፕ ከመንካቱ በፊት የሚፈልገውን ጮክ ብሎ መናገር። ይህን ለአዲስ ሰው ቀድሞ የሚነግር ጎረቤት ደግሞ ከጠረጴዛው ጨዋዎች አንዱ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ ያቆየሁት ነው። የቱንም ያህል ሥርዓት ቢኖረው ቁማር ነው፤ ቤት ያፈርሳል፤ ሥርዓቱን ማመስገን ጥፋቱን ማስዋብ ነው። ለዚህ ተቃውሞ አንድ ትልቅ ነገር እሰጠዋለሁ። ከላይ ያደነቅሁት የጠረጴዛ ገንዘብ ደንብ ሰውን የሚጠብቀው ለአንድ ጨዋታ ዕድሜ ብቻ ነው። ካርታው ተሰብስቦ እስኪታደል ድረስ ባለችው አፍታ ኪስ እንደገና ይከፈታል፤ ያለቀበት ሰው ሌላ ቺፕ ገዝቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ ደግሞም፣ ደግሞም። የፖከር ደንብ ተጫዋቹን ከሌላው ተጫዋች ይጠብቀዋል፤ ከራሱ አይጠብቀውም። ጨዋታው ፍትሐዊ መሆኑም ለተሸናፊው ቤተሰብ ዳቦ አይሆንም፤ ቤቱ ከየጨዋታው ስለሚቆርጥ ተጫዋቾቹ በድምሩ ይዘውት ከመጡት ያነሰ ይዘው እንደሚወጡ የታወቀ ነው። በዚህ ላይ የሚከራከረኝ የለም፤ እኔም አልከራከርም።

የማልስማማው ሥርዓቱን ማጥናት ጥፋቱን ማስዋብ ነው በሚለው ነው። ከጠረጴዛው ውጭ ላለው አደጋ ከተገኙት መድኃኒቶች አንዱ የተሠራው ከዚያው ከጠረጴዛው ሐሳብ ነውና። በአሜሪካ የሚዙሪ ግዛት ከ1996 ጀምሮ ራሱን መግታት ያቃተው ሰው በፈቃዱ ስሙን በመዝገብ አስፍሮ ከግዛቱ ካሲኖዎች ሁሉ ራሱን እንዲያግድ ፈቅዳለች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋል። ሰውየው በተረጋጋበት ሰዓት፣ በምስክር ፊት፣ በግልጽ ይናገራል። በኋላ ልቡ ሲለወጥ «ሐሳቤ ያ አልነበረም» ቢል አይሰማም፤ በሚዙሪ መጀመሪያ ላይ እገዳው የዕድሜ ልክ ነበር፤ ጥሶ የገባም በሕግ ይጠየቃል። በጠረጴዛው ላይ «200» ብሎ የተናገረውን ሰው የያዘው ቃል እዚህ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያንኑ ሰው ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።